የካርቶን ድንጋይ

ቆቦ፣ ጥር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔራን፣

ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፣ ወንድምሽ ካሳም ደህና ነው፣ ጥጃዋም ደህና ናት። ከዚህ ወዲያ ስለ ጤና አትጠይቂኝ፣ ወረቀቱ ያልቃል። ደብዳቤሽን ያደረሰልኝ የሮቢቱ ሹፌር ነው። «የላከችው ማን ናት?» ሲለኝ የእህቴ ልጅ ናት አላልኩትም። «ልጄ ናት፣ አዲስ አበባ ሕግ ትማራለች፣ ዳኛ ነው የምትሆን» አልኩት። እህቴ ነፍሷን ይማርና ወልዳሻለች፣ ያሳደግሁሽ ግን እኔ ነኝ፤ የምኮራውም እኔ ነኝ። ሰውየው የመኪናውን ሞተር አጥፍቶ ነው የሰማኝ።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ጸሐፊ ፈልጊ ብትይኝ አልፈልግም፤ መሠረተ ትምህርት ሲያስተምሩን ያን ሁሉ ፀሐይ የቻልኩት ለሌላ ሰው ልናገር አይደለም። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ይመስላል ብለሽ ግን እንዳትስቂ።

«ችሎት ላይ ለምን ዝም አልሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ልጄ፣ እኔ ዝም አላልኩም። ዝም በይ ተባልኩ እንጂ። ባንተአምላክ ጎርፍ ወደ ማሳ በሚጠለፍበት ተራ ተጣልቶ ባሌን፣ አንቺንም ያሳደገሽን አላምረውን ሲገድለው በዓይኔ ያየሁት እኔ ነኝ። ዳኛው ፊት ቆሜ ከመጀመሪያው ልናገር ስል «የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ» አሉኝ። የተጠየቅሁት ደግሞ ሰዓቱንና የቆምኩበትን ቦታ ነው። ተራው የማን እንደነበር፣ አላምረው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ እኔ ያን ቀን ምን እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። አሥራ አምስት ዓመት ፈረዱበት፣ እኛም እሰይ ብለን ወጣን። ወጥቼ ግን አፌ ውስጥ የቀረው ነገር እስካሁን አለ።

ካሳ ትምህርት ቤት ገብቷል። በአጭሩ መንገድ በባንተአምላክ ደጅ ማለፍ ስለማይሆንለት በወንዙ በኩል ዞሮ ነው የሚሄድ። ደም አልደረቀማ፣ ገና አልታረቅንም፣ ምን ይደረግ። እግሩ ገና ትንሽ ናት፣ ሲመለስ ሳይበላ ይተኛል።

ዳኛ ስትሆኚ ሰው ሲናገር አስጨርሺ። ሌላ አደራ የለኝም።

የሻረግ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደቀደድኩት አልነግርሽም። መጀመሪያ ደስ የሚልሽን ልንገርሽ፦ ተመርቄያለሁ፣ በማዕረግ። ፎቶው ፖስታው ውስጥ አለ። ካባው ረዝሞብኛል፣ አንቺ ብትኖሪ በመርፌ ትሰበስቢው ነበር።

«የት ተመደብሽ? ወልዲያ ነው ወይስ ደሴ?» ብለሻል። እቴቴ፣ ዳኛ አልሆንኩም። ዩኒቨርሲቲው ሕግ እንዳስተምር አስቀርቶኛል፤ ይህም ያኮራል፣ ከብዙ ሰው መሀል ነው የመረጡኝ። ጎን ለጎን ደግሞ ትያትር ልማር ተመዝግቤያለሁ። አዎ፣ ትያትር። እባክሽ ወረቀቱን ሳትጥዪ ጨርሺልኝ።

ለልምምድ ችሎት ሲልኩን ጓደኞቼ አንቀጽ ይጽፋሉ፣ እኔ ግን ሰዎቹ የት እንደሚቆሙ አያለሁ። ዳኛው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ጠበቃው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ልትመሰክር የመጣች ሴት እጇን የት እንደምታደርገው ይጠፋታል። ሁሉም የተሰጠውን ቦታ ይዞ የተሰጠውን ቃል ይናገራል፤ በመጨረሻ አንዱ ወደ እስር ቤት፣ አንዱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያቺን ሴት ባየሁ ቁጥር አንቺን አያለሁ። መምህሬን ስለዚህ ብጠይቃቸው «ይህ የሕግ ጥያቄ አይደለም» አሉኝ። ታዲያ የማን ጥያቄ ነው ብዬ ስዞር ትያትር ክፍል አገኘሁት። እነሱ ክዋኔ ይሉታል፤ ሰው በሰው ፊት ቆሞ በቃሉና በአካሉ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ነው።

ያን ቀን አንቺ እጅሽን የት ነበር ያደረግሽው? ለትምህርቴ ብቻ አይደለም የምጠይቅሽ። ተቆጪኝ፣ ግን መልሺልኝ።

ልጅሽ ሔራን


ቆቦ፣ መስከረም 18 ቀን 1993 ዓ.ም.

ሔራን፣

ሰላምታ የለኝም። ሰላምታ የምልክልሽ ሲበርድልኝ ነው።

ወሬው ከደብዳቤሽ ቀድሞ ገባ። ዋጃ ገበያ ላይ ከወዳጄ ከሀስና ጋር ሽንኩርት እያነሳን አንዷ «የየሻረግ ልጅ ሕጉን ጥላ አዝማሪ ሆነች አሉ» ትላለች፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ! «ብትሆንስ፣ በራሷ ድምፅ ነው ወይስ ያንቺን ተበድራ?» አልኳት። ቀጥዬም «ሰማንያ ሰው ተፈትኖ እሷን ነው ያስቀሯት፣ ዳኞቹን የምታስተምር እሷ ናት፣ ዳኛ የሚባለው ሁሉ ነገ እጇን ይስማል» አልኩ። ሰማንያውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ አንደበቴ ላይ መጣልኝ። ሀስና «ያ ረቢ፣ የሻረግ ተይ» እያለች በነጠላዬ ጎተተችኝ። ገበያ ሙሉ ሰው ፊት ተሟገትኩልሽ። እቤት ገብቼ ደግሞ በሬን ዘግቼ አለቀስኩብሽ። ሁለቱንም እወቂው።

ለሁሉም ሰው ዳኛ ትሆናለች ብዬ ነበር እኮ! ለቄሱም፣ ለሐኪሙም፣ ለጋሪ ነጂውም። አሁን ባገኙኝ ቁጥር ምን ልበላቸው?

ለቅሶው ሲወጣልኝ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። «አንቺን አያለሁ» ያልሽው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ችሎት ላይ የዚያን ቀን ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሰዓቱን ነበር የሚፈልግ። እጄ የነጠላዬ ጫፍ ላይ ነበር። ጥለቱን ስጠመዝዘው ተበጠሰ። እስካሁን አልሰፋሁትም፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

የምትማሪው ይህን ከሆነ ተማሪ። ግን ሕጉን እንዳትለቂ። ሁለቱንም እንደ በሬ ጥመጃቸው፣ አንዱ ሲለግም ሌላው ይጎትትልሻል። ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ካባው በእርግጥ ረዝሟል።

አሁን በረደልኝ። ደህና ነሽ ወይ?

የሻረግ


ዴልሂ፣ የካቲት 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

እቴቴ ሆዴ፣

ሕንድ አገር ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ክረምቴን ልይዝ ነው፣ አንቺ ግን «መቼ ነው ዶክተር የምትሆኚው» ማለት ጀምረሻል። አብሽሪ፣ ይደርሳል። ምግቡ ያቃጥላል፣ ሙቀቱ ግን የራያን ሜዳ በሚያዝያ ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይደለም። አብረውኝ የሚማሩት ሲያማርሩ እኔ ሹራብ ለብሼ ነው የማያቸው።

«ሕግ አንድ፣ ትያትር ሁለት፣ ሦስተኛው ደግሞ ምንድን ነው?» ላልሽው፣ ስሙ ሂሳዊ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ሀስና ከጠየቀችሽ፣ ድሮም እንዲህ ነው የተባለውን ነገር ሁሉ «ማን ነው ያለው? ማንስ ተጠቀመበት?» ብሎ መጠየቅ ነው በያት። «ይህንማ እኔም እጠይቃለሁ፣ ደመወዝ የሚቆርጥልኝ ጠፋ እንጂ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ።

ሦስቱን አንድ ላይ አስሬ የምጽፈው ስለ ዘወልድ ነው። መምህሮቼ ዘወልድ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ በእኛ አገር ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አብረው ይቀመጣሉ፣ ገዳዩ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይንበረከካል፣ የሟች ወገን ድንጋዩን ሲያነሳለት ቂሙ ይቀራል አልኳቸው። አንዱ መምህሬ «የሟች ሚስት የት ነው የምትቀመጠው?» አለኝ። ቤቷ አልኩት። ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

አሁን ወደ ደበቅሽኝ ነገር። ባንተአምላክ በአመክሮ ከእስር መውጣቱን ከካሳ ነው የሰማሁት፣ በስልክ። ካሳ ደግሞ ሌላም ነገር ነግሮኛል። ጠጅ ቤት አጠገብ ሲያልፍ «አላምረው ወንድ ልጅ ነበረው ወይ?» እያሉ ይጠይቁታል አሉ፣ እያዩት። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እቴቴ፣ ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ? አንቺስ?

በሚመጣው ዓመት ለጥናቴ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ከትያትር ተማሪዎች ጋር በዘወልድ ላይ አንድ ነገር መድረክ ላይ አቀርባለሁ። ከፊት ወንበር ላይ አንቺ ከሌለሽ አልጀምርም።

ሔራን


ቆቦ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ያልነገርኩሽ ፈተና አለብሽ ብዬ ነው። ካሳ ደግሞ አፉ ወንፊት ነው፤ ለሱ ስልክ የገዛሽለት አንቺ ነሽ፣ እንግዲህ ቻዪው። እኔ በስልክ አላወራም፤ እዚህ ስታወሪ ከኋላሽ ጎረቤት ይሰማል።

አዎ፣ ወጥቷል። አየሁትም። ወገቡ ጎብጦ በልጁ በዘካሪያስ ተደግፎ ነው የሚሄድ። ይህን ቀን ሳይ ደስ ይለኛል ብዬ ኖሬ ነበር። አላለኝም፤ ተናደድኩ እንጂ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ደጄን ጠንተዋል። አባ ወልደ ሚካኤልም ሐጂ ኑርዬም ይመጣሉ። እኔ ታረቂ ስባል እምቢ ያልኩ መስሎሽ እንደሆነ፣ አይደለም። የአላምረው ወንድም አያሌው ምን አለ መሰለሽ? «እኔ በአንቺ ፈንታ ቆሜ ድንጋዩን አነሳለታለሁ፣ አንቺ ቤትሽ ሁኚ።» ሰምተሻል? እኔ ጓዳዬ ተቀምጬ አያሌው የኔን ይቅርታ ሊሰጥልኝ! ያለቀስኩት እኔ፣ ልጅ ያሳደግሁት እኔ፣ ይቅር የሚል እሱ! ችሎት ላይ አፌን ዘጉት፣ ደግሞ እዚህ አፌን ለአያሌው ላበድር? «እኔው ተቀምጬ እኔው አነሳለታለሁ» ብላቸው «ሴት ደም ላይ አትቀመጥም፣ ከድሮም የለም» አሉኝ። እንግዲያው ደሙም አይደርቅም አልኳቸው።

አሁን ለማንም ያላልኩትን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ካሳ የአባቱን ጠመንጃ ከቆጡ አውርዶ ሲወለውለው አገኘሁት። ቀምቼው ሀስና ቤት ደበቅሁት። እጁን ታጥቦ እንደ ወትሮው ወጣ፣ ያ ነው ያስፈራኝ። በእልኬ ልጄን እንዳላስበላው እፈራለሁ። አያሌው ይቁምልኝ ብዬ ባበቃው ካሳ ይተርፍልኛል፣ እኔ ግን እስክሞት ዝም በይ እንደተባልኩ እቀራለሁ። ምን ይሻለኛል ልጄ?

አዲስ አበባ እመጣለሁ። ለፊት ወንበር የሚሆን አዲስ ቀሚስ ሀስና ታሰፋልኛለች።

የሻረግ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ሳንሰነባበት ጎሕ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ሄድሽ። ክፍልሽን ብከፍት አልጋው ተነጥፎ ብቻውን ቆሟል። በእኔ ተቀይመሻል፣ መቀየምም ይገባሻል።

ሐሳቤ ይህ ነበር። ገዳዩን የሚጫወተው ልጅ ድንጋይ በአንገቱ አድርጎ ይንበረከካል፣ ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ ለሟች ሚስት አንድ በርጩማ ይቀመጣል፣ ባዶውን። እስከ መጨረሻው ማንም አይቀመጥበትም። ድንጋዩም ሳይነሳ መብራቱ ይጠፋል። ሰዉ ያ ባዶ ቦታ እየቆረቆረው ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነበር የፈለግሁት። ለተማሪዎቼ ሁሉንም አስረዳሁ፣ አንቺን ግን ከፊት አስቀመጥኩሽና ምንም አልነገርኩሽም። ልጁ «ስለ እግዚአብሔር» ብሎ ሲወድቅ አንቺ ላይ ምን እንደሚደርስ አላሰብኩም።

በአዲሱ ቀሚስሽ ተነስተሽ ደረጃውን ስትወጪ ተማሪዎቼ ወደ እኔ አዩ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። በርጩማው ላይ ተቀመጥሽ። የተንበረከከውን ልጅ አየሽው። ከዚያ ተነስተሽ ድንጋዩን ከአንገቱ አነሳሽለትና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሽ። አዳራሹ የትያትሩ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። አንቺ ግን ፊትሽን አጥቁረሽ ወረድሽ።

እቴቴ፣ ጨዋታ ነበር። ልጁ የጅማ ልጅ ነው፣ ማንንም አልገደለም። ድንጋዩም ካርቶን ነው፤ ጋዜጣ ለጥፈን ቀለም የቀባነው። የተናገርሽው አይያዝብሽም፣ ቆቦም ማንም አይሰማም። ጥናቴ ውስጥም አላስገባውም። ይቅር በዪኝ።

የትያትር ዕቃ ጠባቂው ድንጋዩ ጠፋ ብሎ ይነዘንዘኛል። አላየሽውም?

ሔራን


ቆቦ፣ ግንቦት 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔራን፣

አላየሽውም ወይ ትዪኛለሽ! አልጋዬ ስር ነው ያለ። ለጠባቂው የሻረግ ወስዳዋለች በዪው። አውቶቡስ ላይ ረዳቱ «እማማ፣ ይህን ቋጥኝ ጣራ ላይ ልጫነው» ሲለኝ በአንድ ጣቴ አንጠልጥዬ ሰጠሁት። አማተበ። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ሰዉ እኔን እያየ ይንሾካሾክ ነበር።

አልተቀየምኩሽም። ሳልሰናበትሽ የሄድኩት ከአፌ ሌላ ቃል እንዳይወጣ ነው። ያናደደኝ ጭብጨባው ነው፤ በእንዲህ ያለ ነገር እልል ይባላል እንጂ ይጨበጨባል? ከጭብጨባው ይልቅ ደግሞ ያናደደኝ አሁን የጻፍሽው ነው። «አይያዝብሽም» ትያለሽ። የማን አፍ ነው ያለው? ያንቺ ነው? የአያሌው ነው? እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሰው እየሰማ።

ሳነሳው ቀለለኝ፣ ሔራን። እግዜር አቀለለልኝ ብዬ ደነገጥኩ። ወዲያው ካርቶን መሆኑን እጄ አወቀው። ቃሉ ግን ወጥቶ ነበር፣ ልመልሰውም አልፈለግሁም። ያን ልጅ አይደለም ያየሁት፤ ያ የጎበጠ ሰውዬ ነው የታየኝ።

ቆቦ እንደገባሁ ሽማግሌዎቹን ጠርቼ ነገርኳቸው። አባ ወልደ ሚካኤል ሳቁ፦ «የትያትር እርቅ!» አሉ። አያሌውማ መሬት ላይ ተንከባለለ ማለት ይቻላል። ሐጂ ኑርዬ ግን አልሳቁም። «ሰው ሰምቷል?» አሉኝ። አዳራሽ ሙሉ አልኩ። «ድንጋዩን ያነሳሽው በማን ፈንታ ነው?» አሉኝ። በማንም ፈንታ አይደለም፣ በራሴ አልኳቸው። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረው «ሴት አትቀመጥም ትላላችሁ፤ ተቀምጣ፣ አንስታ፣ ጨርሳ መጥታለች። አሁን የቀረነው እኛ ነን» አሉ። ሳቁ ቆመ። ማሽላው ከታጨደ በኋላ እንነጋገርበታለን ብለው ተነሱ። ልጄ፣ እምቢ ሳይሉ ሲነሱ ይህ የመጀመሪያ ነው።

ካሳ ሲሰማ «እኔን ሳትጠይቂ?» ብሎ አኩርፎኛል። ጠመንጃውን ግን አልጠየቀኝም።

ጥናትሽ ውስጥ አስገቢው። ስሜንም ጻፊ፣ የሻረግ ንጋቱ ብለሽ፣ ከነአባቴ። «አንዲት የቆቦ ሴት» ብለሽ ብትጽፊ ያኔ ነው የምቀየምሽ።

የሻረግ ንጋቱ


ዴልሂ፣ ኅዳር 30 ቀን 2001 ዓ.ም.

እቴቴ፣

የዶክትሬት ጥናቴ ተጠናቆ ገባ። ወፍራም ነው፣ በዳሌሽ ካልደገፍሽው አትሸከሚውም። የሻረግ ንጋቱ የሚለው ስም አንድ ምዕራፍ ሙሉ ይዟል። እዚህ ያሉት ሰዎች ስምሽን ለመጥራት ምላሳቸው ሲተሳሰር ብታዪ ትስቂ ነበር፤ አንዱ ትልቅ ፕሮፌሰር እቢሮዬ መጥቶ በትክክል እስኪለው ድረስ አስጠናሁት።

ስለ ሥራ ለጠየቅሽኝ፣ እዚህ ቅሪ ብለውኛል፣ እኔ ግን እመለሳለሁ። አዲስ አበባ አዲስ ትምህርት ልከፍት ተፈቅዶልኛል፤ የሕግና የትያትር ተማሪዎች አንድ ክፍል ተቀምጠው የሚማሩት። ዳኛ የሚሆኑት ልጆች የመጀመሪያውን ቀን ምስክር የምትቆምበት ቦታ ላይ ቆመው ይውላሉ። ለመናገርም አይፈቀድላቸውም። ከዚያ በኋላ ነው ሕግ የሚከፍቱት።

አንድ ነገር ግን ቆርቁሮኛል። ከፈታኞቼ አንዱ በጽሑፍ እንዲህ አለ፦ «ሴትዮዋ የሚያዩት ነገር ትያትር መሆኑን አልተረዱት ይሆናል። ካልተረዱት ደግሞ ድርጊቱ ስህተት ነው እንጂ እርቅም ሕግም አይባልም።» በጥር ፊታቸው ቆሜ እመልሳለሁ። ከመጻሕፍት ብዙ መልስ አዘጋጅቻለሁ፣ አንዱም ደስ አላለኝም። እኔም ራሴ ያን ጊዜ «ጨዋታ ነበር» ብዬ ጽፌልሽ የለ? ያላወቅሽ መስሎኝ ነበር። አሁን አፍሬ እጠይቅሻለሁ፦ ምን ብዬ ልመልስ?

ማሽላው ታጭዷል ወይ? ካሳ ስልኩን አያነሳም። ቶሎ ጻፊልኝ።

ሔራን


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለዶክተር ሔራን፣

ገና ነኝ አትበዪኝ። ቆቦ ላይ ዶክተር ከሆንሽ ቆይተሻል፤ ባጃጁ ሁሉ «የዶክተሯ እናት» እያለ ነው የሚጭነኝ። ስልኩ ውኃ ገብቶበት ነው፣ ካሳ ደህና ነው። እንዳትደነግጪ ብዬ መጀመሪያ ጻፍኩት።

ለዚያ ለፈታኝሽ እንዲህ በዪው። የሻረግ ትያትር መሆኑን አላወቀችም? ትኬት ቆርጠው አስገብተውኝ! ወንበሩ ቁጥር ነበረው፣ መብራት ጠፍቶ መብራት በራ፣ ሽማግሌ የሆኑት ልጆች ጢማቸው በሙጫ የተለጠፈ፣ ያንዱ እየተላጠ! ከማንም በላይ አውቄያለሁ። ግን ያን በርጩማ አየሁት። ባዶ ነው። አያሌው የለበትም፣ ማንም የለበትም። በዕድሜዬ ለእኔ ተብሎ ቦታ ሲቀመጥ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። እኔ እያለሁ ለሌላ ሰው እተወዋለሁ? ቦታዬ ነው፣ ተቀመጥኩበት። ቦታው ላይ ከተቀመጥኩ ደግሞ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ፊቴ ተንበርክኮ ዝም ብዬ አላይም። ስህተት የሚል ካለ ራያ ይምጣ። ያስቀመጥሽልኝ አንቺ ነሽ ልጄ፣ ይቅርታ አትጠይቂኝ፣ ኩሪበት።

ባለፈው እሑድ ግራሩ ስር ተቀመጥን። ተቀመጥን ነው ያልኩሽ፣ እኔም አለሁበት። አባ ወልደ ሚካኤል ራሳቸው ናቸው በርጩማ ያስመጡልኝ። ችግር የመጣው ሌላ ነው። ባንተአምላክ ወገቡ ሙቷል፣ ድንጋይ ሊሸከም አይችልም። «እንግዲህ ልጁ ዘካሪያስ በእሱ ፈንታ ይሸከም» አሉ። እኔ ተነሳሁ። «በእኔ ፈንታ ሰው አልቆመም፣ በእሱም ፈንታ አይቆምም» አልኩ። ጉምጉምታ ሆነ። አያሌው «ሰውየውን ልትገድዪው ነው?» አለኝ። ሀስናን «አምጪው» አልኳት።

ከፎጣዋ ስር አወጣችው። ያንን ካርቶን።

ማንም አልሳቀም፣ ሔራን። ሐጂ ኑርዬ ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት፣ ከዚያ ለአባ ወልደ ሚካኤል ሰጧቸው፣ እሳቸውም ለቀጣዩ። ዙሩን ጨርሶ ሲመለስ ሐጂ ኑርዬ «ይህኛው ሥራውን ያውቃል» ብለው በባንተአምላክ አንገት ላይ አደረጉለት። ካርቶኑን ተሸክሞ ተንገዳገደ። አላስመሰለም። ተንበረከከና «ስለ እግዚአብሔር፣ የሻረግ» አለኝ፣ በስሜ። ያን ሁሉ ዓመት ስሜን አንድም ቀን ጠርቶ አያውቅም ነበር። እንባው መሬት ላይ ጠብ አለ።

ያን ጊዜ አፌ ውስጥ የቀረውን ሁሉ ተናገርኩ። ተራው የአላምረው እንደነበር፣ እንዴት እንደሚስቅ፣ ያን ቀን ምን እንደሆንኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሽማግሌዎቹ አስጨረሱኝ። ስጨርስ አነሳሁለት። አዲስ አበባ ላይ የቀለለኝ ያው ካርቶን እዚህ ከበደኝ፤ በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩት። እልልታውን ሀስና ጀመረችው፣ እንደሚገባው።

ካሳ እዚያ ቆሞ ነበር፣ ሲበተን ቀድሞኝ ሄደ። እኔም አልጠየቅሁትም። ዛሬ ገበያ ሄዶ፣ ገና ወጡን ሳላወርድ ከደጅ ገባ። «ምነው ፈጠንህ?» ስለው ጫማውን እያወለቀ «በእነ ዘካሪያስ ደጅ መጣሁ፣ አጭር ነው እኮ» አለኝ።

እናትሽ የሻረግ ንጋቱ